ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መደርደሪያ

ስለ ዎልፔፐር ክፉ የሚናገር ምሁር በዝቷል። “የፈረንጅ ቅራቅንቦ ነው” ይላል አንዱ። “የአዲስ ሀብታም አባዜ ነው” ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ ማኪያቶውን ፉት እያለ፣ “እኛ እኮ ግድግዳን በወረቀት የመሸፈን ባህል የለንም” ብሎ ያሳርጋል። ይቺን የሦስተኛውን ስሰማ ነው ብዕር ያነሣሁት። ለመሆኑ ይህ ሰውዬ የት አገር ነው ያደገው?

እስቲ ዕድሜያችሁ አርባን የዘለለ ሁሉ፣ ሳንተፋፈር እናውራ። ያደግንበት ቤት ግድግዳ ምን ለብሶ ነበር? ባህር ዛፉ ቆመ፣ በማገር ታሰረ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ተመረገ፣ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። ከዚያስ? ከዚያማ ጋዜጣ ነዋ! አዲስ ዘመን፣ የዛሬይቱ ኢትዮጵያ፣ ፖሊስና እርምጃው፣ ኋላም ሠርቶ አደር። መነን መጽሔት የተለጠፈበት ቤትማ የጌታ ቤት ነበር። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ሲወጣ አዘጋጆቹ ያሰቡት ስለ አንባቢ ይሆናል። ስለ ጉለሌና ስለ ኮልፌ ግድግዳ ማን አሰበ? ጋዜጣው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሥራ ነው የሠራው፤ አንድ ቀን ተነበበ፣ ለዓመታት ተለጠፈ። (በመሐሉ ስኳርና በርበሬ የተጠቀለለበትን ሦስተኛውን ሥራ እንተወውና።)

አለጣጠፉን ልንገራችሁ፤ ዛሬ በዩቲዩብ የሚያስተምሩት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። የፉርኖ ዱቄት እንዳይጓጉል በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። እሳት ላይ ወጥቶ ይማሰላል፤ እንደ አጥሚት ሲወፍር ይወርዳል። ግድግዳው ይጠረግና ውሃ እፍ ይባልበታል፤ ደረቅ ጭቃ ሙጫውን ጠጥቶ ወረቀቱን ይተፋዋላ! ከዚያ በጨርቅ እየተቀባ ከላይ ወደ ታች ይለጠፋል፤ አየር እንዳይቋጥር ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ ይዳበሳል። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ በአሮጌው ላይ አዲስ ይደረብበታል። ዱቄቱን በረሮ ይወደዋል፤ ከወረቀቱ ጀርባ ትኋን ይሰፍራል። ይህን አልክድም። ድህነትን በትዝታ አሳምሬ ላቀርብላችሁ አልተነሣሁም።

ነገር ግን ያ ግድግዳ ይነበብ ነበር።

በሰፈራችን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሲለጥፉ ገጹን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው ልጅ ይጠሩ ነበር። “ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ራሱ በየት በኩል ነው?” ፎቶ ካለበት ቀላል ነው፤ የሰውዬው ጭንቅላት ወደ ላይ ነው። ፎቶ የሌለበት ገጽ ግን ልጁን ይፈልጋል። ልጁ ኳስ ሜዳ ከወረደ ገጹ እንደ ፍጥርጥሩ ይለጠፋል። እናም አልጋ ላይ በጀርባችን ተንጋለን፣ ጭንቅላታችንን ወደ መሬት አንጠልጥለን ያነበብነው ርዕሰ አንቀጽ አለ። ከሁሉ የምታንገበግበው ግን “ወደ ገጽ 5 ዞሯል” የምትለዋ ነበረች። ገጽ 5 የት ነው? ወይ ከጀርባው ነው፣ ሙጫ ጠጥቶ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል፤ ወይ ደግሞ ጎረቤት እትዬ ዘንድ ከምድጃው በላይ ተለጥፎ ጭስ በልቶታል። ነፍሰ ገዳዩ ይያዝ አይያዝ ሳናውቅ ያደግን ትውልድ ነን። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሴራና ስለ ልብ ሰቀላ ሳስተምር፣ ትምህርቱን የጀመርኩት ከዚያ ግድግዳ መሆኑን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አውቃለሁ። ሳቁ። አንድ ሁለቱ ግን አልሳቁም፤ እነሱም ከእንዲያ ዓይነት ቤት የመጡ ነበሩ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ማታ ማታ ቀበሌ ሄዶ ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ ቤቱ ሲገባ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚያነበው ምን ነበረው? ግድግዳው ነበረው። የጎረቤታችን ዘበኛ ኩራዝ ይዘው በግድግዳው ጥግ ለጥግ ሲሄዱ፣ ጣታቸውን መስመር ላይ እያስኬዱ “የ… እር… ሻ…” ሲሉ ትዝ ይለኛል። ወረቀት ላይ ወረቀት የተደረበበት ግድግዳ ደግሞ የራሱ ታሪክ ነበረው። የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶ ዘቅዝቆ መለጠፍ ያስፈራ ነበር አሉ፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ቀና አድርጎ መለጠፉ ያስፈራ ጀመር። ስለዚህ ሌላ ገጽ ይደረብበታል። ከ1983 በኋላ በእሱም ላይ ሌላ። እንዲህ ዓይነቱ ቤት ሲፈርስ ግድግዳው እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ መንግሥት በመንግሥት ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግድግዳውን ልጠግን ቢል፣ ማድቤቱን ላስፋ ቢል ፈቃድ መለመን ነበረበት። ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ “ነገ ተመለስ”። ፈቃድ የማይጠየቅበት እድሳት አንድ ብቻ ነበር፤ ጋዜጣ መለጠፍ። ሰው በማያዝበት ቤት ውስጥ የራሱ ያደረጋት አንድ ነገር ብትኖር ያቺ ወረቀት ናት። ታዲያ ማኪያቶ እየጠጡ “ባህላችን አይደለም” የሚሉት ይቺን ነው?

የፈረንጅ ናት ለሚሉትም ቢሆን፣ ፈረንጁ ራሱ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1712 የግድግዳ ወረቀት ላይ ቀረጥ ጥለው እስከ 1836 ሲሰበስቡ ኖረዋል። ፓሪስ ውስጥ ባስቲል ከመሰበሩ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በሚያዝያ 1789 ሕዝቡ ተነሥቶ ያወደመው የማንን ቤት መሰላችሁ? ሬቬዮን የሚባል የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ባለቤትን። ስለ ሠራተኛ ደሞዝ ተናገረ የተባለው ነገር ነው ያስቆጣቸው።

እንግዲህ የኔ ጠብ ከወረቀቱ ጋር አይደለም። ከወረቀቱ ጋርማ ዘመዶች ነን። ጠቤ ወረቀቱን ለምን እንደምንፈልገው ነው።

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ከአማቶቿ ጋር ከኖረች በኋላ ባለፈው ዓመት የስምንት ወር ሕፃን ታቅፋ ጎጆ ወጣች። ጎጆው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያውም ኪራይ። ለመጀመሪያ ጊዜ “ቤቴ” ያለችው ቤት ስለሆነ ዎልፔፐር ካልለጠፍኩ አለች። አከራዩን አስፈቀደች፤ “ቤቱን ካሳመርሽው እኔን ምን ከፋኝ!” አላት። (ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።) መርካቶ ወርዳ ተከራክራ ገዛች። ለመለጠፉ ባለሙያ የጠየቃት ዋጋ ከወረቀቱ ዋጋ ስለበለጠባት “ራሳችን እንለጥፈዋለን” አለችና ለአንድ ቅዳሜ እኔን መሰላል ያዥ አድርጋ ቀጠረችኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ሥራ ነው። ንጹሕ ሒሳብ አለበት። የተለመደው ጥቅል ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ነው። የቤቱ ቁመት 2 ሜትር ከ60 ከሆነ ከአንዱ ጥቅል ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ አራት ሜትር ለሚሆን ግድግዳ ስምንት ቁራጭ፣ ማለትም ሦስት ጥቅል ይበቃል። ሻጩ አምስት ካልወሰድሽ ብሏት ነበር። አበባው ከአበባው እንዲገጥም ጥቂት እንደሚባክን አውቃለሁ፤ ግን ሁለት ጥቅል ሙሉ አይባክንም።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ቁራጭ ነው። እሱ ከተንጋደደ ሌላው ሁሉ ተከትሎት ይንጋደዳል። የፎቁ ልጆች በር ላይ ተሰብስበው “ከማዕዘኑ ጀምሩ!” ሲሉን፣ እኔ ቱንቢ አምጡ አልኩ። ክር ጫፍ ላይ ሚዛን አስረን ከጣሪያው አወረድንና በእርሳስ አሰመርን። ጉድ ታየ። ማዕዘኑ ከቱንቢው በሁለት ጣት ዘመመ። “ጋሼ፣ ክሩ ነው የተጣመመው” አለችኝ። ክር አይጣመምም እኮ፣ ልጄ! ቤቱ ነው። በቱንቢ የተለካ ግንበኛ ስንት እንደሚተርፍ እንጃ። ለማንኛውም መስመሩን ይዘን ጀመርን። በስፖንጅ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከላይ ወደ ታች። ሶኬቱ ጋ ስንደርስ መብራት ከቆጣሪው አጠፋንና ወረቀቱን በመስቀል ቅርጽ ሰነጠቅነው። እሷ መሰላል ላይ፣ እኔ ከታች፣ ሕፃኑ ወለል ላይ የወረቀት ቁራጭ እየበላ። አምስተኛው ቁራጭ ላይ ስንደርስ ግድግዳው ገጽታ አወጣ፤ እሷም ወርዳ ራቅ ብላ ቆመችና ዝም ብላ አየችው። ይህን ደስታ “የአዲስ ሀብታም አባዜ” የሚል ሰው የራሱን ጎጆ መቼ እንደወጣ ረስቷል።

ችግሩ የመጣው ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ጥግ ነው። ከጣሪያው ሥር የሻይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ፣ ዝቅ ብሎ ቀለሙ እንደ ቅርፊት የተነሣ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ጥቁር ሽበት የመሰለ ነገር። እጄን ሳሳርፍበት ይቀዘቅዛል። ከላይ ካለው ቤት ቧንቧ ውሃ እየወረደ ነው።

“ይሄን ምን አስበሽለታል?” አልኳት።

“ወረቀቱ ይሸፍነዋላ! ሻጩም እኮ ለእርጥበት የተሠራ ነው ብሎኛል፤ ውሃ አያስገባም አለ።”

እውነቱን ነው፣ ውሃ አያስገባም። አያስወጣምም እንጂ! ፊቱ ፕላስቲክ ነው። ውሃው ከፊት ለፊት ቢረጭ ያንሸራትተዋል፤ ከጀርባ የመጣውን ግን አፍኖ ያስቀምጠዋል። ግድግዳው እርቃኑን ቢሆን በበጋው ትንሽ ትንሽ ይተነፍስ ነበር፤ አሁን አፉ ተያዘ። በልስኑና በወረቀቱ መካከል ጨለማ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ብዙ ጊዜ ከስታርች የሚሠራ ሙጫ አለ። ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ከየት ያገኛል? መኝታ፣ ምግብና ውሃ ሙሉ። ክረምቱ ሲወጣ ወረቀቱ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ከጀርባው ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ባለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳልና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አስፍሯል። የሕፃኑ አልጋ የታሰበው ደግሞ እዚያው ጥግ ነበር። ያንን ጥግ አንለጥፍም አልኳት። አኮረፈችኝ። “ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ነገር ሲያከሩ!” ቢሆንም አልተለጠፈም።

በዚህ ጉዳይ አውሮፓ ውድ ትምህርት ተምራለች። ሼሌ የሚባል የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1775 ከመዳብና ከአርሴኒክ አንድ አረንጓዴ ቀለም ፈለሰፈ። አምሮ የሚያስደነግጥ አረንጓዴ። አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ በዚህ ቀለምና በዘመዶቹ የታተመ ወረቀት በየሳሎኑና በየልጆቹ መኝታ ቤት ተለጠፈ። እርጥበት ባለበት ክፍል ያደሩ ሰዎች ታመሙ፤ ሐኪሞች ጮኹ። የግድግዳ ወረቀት ንድፍ ንጉሥ የሚባለው፣ ለሠራተኛው መብት ሲሟገት የኖረው ዊልያም ሞሪስ ግን በሐኪሞቹ ይሳለቅ ነበር። በነገራችን ላይ አርሴኒክ ያወጣ የነበረ የማዕድን ኩባንያ ባለአክሲዮንና የቦርድ አባል ሆኖ ያውቃል። ኋላ በ1890ዎቹ ጎዚዮ የተባለ ጣልያናዊ ሐኪም፣ እርጥብ ወረቀት ላይ የሚበቅል ሻጋታ ከአርሴኒኩ ጋዝ እንደሚያወጣ በሙከራ አሳየ። ጋዙ ብቻውን ይገድል ነበር ወይ የሚለውን የዘመኑ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከሩበታል። ከርጥበት ጋር የተዛመደ ወረቀት ግን ለማንም በጎ ሲያደርግ አልታየም።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን የምትባል አሜሪካዊት “ቢጫው የግድግዳ ወረቀት” የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳተመች። በየዓመቱ ሳስተምረው የማልሰለቸው ሥራ ነው። ሐኪም ባሏ “ምንም አልሆንሽም፣ ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ” ብሎ አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣት ሴት ናት። ሥራ የለም፣ ጽሑፍ የለም። የምታየው ግድግዳውን ብቻ ነው። ሰንብታ ከወረቀቱ ጀርባ ሌላ ሴት ታስሮ መዳከር ትጀምራለች፤ መጨረሻው የወረቀቱ መቀደድ ነው። ደራሲዋ ራሷ እንዲህ ያለ “ሕክምና” የደረሰባት ሰው ናት። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ “ሴትየዋ አብዳለች ወይስ አላበደችም?” ብለው ይከራከሩ ነበር። እኔ ደግሞ ባልየውን ተዉልኝ አትበሉ እላቸው ነበር፤ ሕመም ሲነገረው የክፍሉን ማማር የሚያወራውን ሰውዬ።

እንዲህ ያለው ሰውዬ ዛሬ የኛ አከራይ ነው።

“ቤቱን ካሳመርሽው እኔን ምን ከፋኝ!” ያለውን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ምን ይከፋዋል? ቧንቧውን እንዲያሠራ ሲነገር “እናያለን” ያለው ሰው፣ ግድግዳው በተከራይ ገንዘብ ሲሸፈንለት ምን ይከፋዋል! እንዲያውም ውለታ እንደዋለ ይቆጥረዋል። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ተደንግጓል፤ ከተወሰነው በላይ መጨመርም አይቻልም። መልካም ነው። ሁለቱ ዓመት ሲሞላና ተከራይዋ ዕቃዋን ጭና ስትወጣ ግን ወረቀቱን ተሸክማ አትወጣም። ቀጣዩ ተከራይ ሲመጣ አከራዩ ደረቱን ነፍቶ “ቤቱ ሙሉ ዎልፔፐር ነው” ይለዋል። ከጀርባው ያለውን የሚያውቀው ማን ነው? የመጣው ሰው አይቶ፣ ወዶ፣ ቅድሚያ ከፍሎ ይገባል፤ ሳሉ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው። የተከራየውን ቤት በሙሉ ልብ የሚያስጌጥ ተከራይ ያሳዝነኛል፤ ሻጋታውን ሸፍኖ ለማከራየት ሲል ወረቀት የሚለጥፍ አከራይ ግን የበሰበሰ ሥጋ በበርበሬ አሽቶ ከሚሸጥ ሉካንዳ በምን ይለያል?

“ሽፋን ብቻ” የሚለው ልማዳችን እንዲያው ቤት ውስጥ ቢቀር በቀለለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በሚያልፍባቸው ጎዳናዎች ዳር ያሉ ሕንጻዎች ፊታቸውን ተቀብተዋል፣ መብራት አጥልቀዋል። አምሮባቸዋል፤ ምቀኛ አይደለሁም፣ ምሽት ላይ ስሄድበት ደስ ይለኛል። ግን እስቲ በጓሮ በኩል ዞር በሉ።

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል ልምጣ። መርካቶ የዎልፔፐር ናሙና መጽሐፉን ስታገላብጡ መጀመሪያ ጡብ የመሰለው ይመጣል፤ ብሎኬት ቤት ውስጥ ጡብ መሳይ መለጠፍ ምን ይባላል? ይሁን። እብነ በረድ መሳይ ይቀጥላል፤ ይሁን። ፏፏቴ፣ ቀርከሃ፣ የኤፍል ማማ። ይሁን፣ ይሁን፣ ይሁን። ከዚያ ግን አንድ ገጽ ይመጣል፤ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ። የቆዳ ጀርባ ያላቸው፣ በወርቅ የተጻፈባቸው፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መጻሕፍት። የወረቀት ሥዕል። ይህን ምርት ፈልገን የምንገዛ ሰዎች ነን! ካፌ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ካፌ ነው፣ ልተወው። የጠበቃ ቢሮ ውስጥ አይቼዋለሁ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ቢሮ ውስጥ ግን ሳየው፣ ጉዳዬን ረስቼ ተነሥቼ ሄጄ አንገቴን አጣምሜ አነበብኩት። የልጅነት ልማድ ነው፤ ግድግዳ ሳይ አነባለሁ። ፊደል መሳይ ጭረት ነው፤ ቃል የለውም። አንድም የግዕዝ ፊደል የለበትም። ከ53 ሳንቲ ሜትር በኋላ ደግሞ ያው ቀይ መጽሐፍ፣ ያው ጎኑ የተቀደደ ጥቁር መጽሐፍ፣ ያው ሰያፍ የቆመ ቀጭን መጽሐፍ ይመለሳል። ሌላ 53፣ ያው። ሰውዬው ቤተ መጻሕፍት አለኝ ብሎ የለጠፈው ሁለት ክንድ የማይሞላ ሥዕል ሲደጋገም ነው። “ያምራል አይደል?” አሉኝ። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። “ለጊዜው እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት እየተጠቀምንበት ነው” አሉኝ።

ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህማ ነገሩ ባሰ። በቪዲዮ የሚሰበሰበው፣ በዩቲዩብ የሚተነትነው ሁሉ ከጀርባው መደርደሪያ አቁሟል፤ አንዳንዱ የኮምፒዩተር ሥዕል ነው፣ ተናጋሪው እጁን ሲያወራጭ ጣቶቹ መጻሕፍቱ ውስጥ ይጠፋሉ። ይህ ሁሉ ሰው መጽሐፍ ያስከብራል ብሎ ያምናል ማለት ነው። ይህስ ባልከፋ ነበር። ችግሩ መጽሐፉን ሳይነኩ ክብሩን መፈለጋቸው ነው።

እዚህ ላይ እትዬን አስቧቸው። ፊደል የማያውቁት፣ ገጹን ከፍ አድርገው ይዘው “ራሱ በየት በኩል ነው?” ያሉት። ወረቀት የለጠፉት ንፋስ እንዳይገባና ጭቃው እንዳይራገፍ ነው፤ ምሁር ለመምሰል አልነበረም። ቢሆንም ጽሑፉ ራሱን እንዳይዘቀዘቅ ተጨነቁ። ሊያነቡት ለማይችሉት ነገር አክብሮት ነበራቸው፤ የልጆቻቸው ዓይን ደግሞ በዚያ ግድግዳ ላይ ውሎ አደረ። የዛሬው ባለ ዲግሪ ደግሞ ማንበብ እየቻለ የማይነበብ ግድግዳ ይገዛል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያየው የማይከፈት መጽሐፍ ነው። እጁን ዘርግቶ ሊያወጣ ሲሞክር ጥፍሩ ወረቀት ይቧጭራል፤ “ተው እንዳትልጠው!” ይባላል። መጽሐፍ ማለት የማይነካ ነገር እንደሆነ በዚህ መንገድ ይማራል። እኔ በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ተማሪ ሞልቶኝ ነበር፤ የደራሲዎችን ስም በቃሉ የሚዘረዝር፣ አንዳቸውንም ያልገለጠ።

“ታዲያ ጋዜጣ እንለጥፍ ነው የምትለን?” የሚለኝ አይጠፋም። ጋዜጣውስ ከየት ይመጣል? በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ስንቱ እንደተዘጋ፣ በ2006 መጨረሻ ደግሞ መጽሔቶቹ እንዴት እንደጠፉ እናውቃለን። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበው ሰው ዛሬ ስልኩ ላይ ነው። ስልክ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ለጥፉ የምለው የወደዳችሁትን ነው፤ አበባም ቢሆን፣ ጡብ መሳይም ቢሆን። የተከራየ ሰው ቤቱን የራሱ ለማድረግ የሚያደርገውን ጥረት የሚንቅ ሰው ጋር አልቆምም። ግን መጀመሪያ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። ከቀዘቀዘ፣ ከረጠበ፣ ወረቀቱን አስቀምጡና ውሃው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ቧንቧው ይሠራ፣ የረጠበው ልስን ይፈንቀል፣ ይድረቅ። መድረቁ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ሻጭም “ለእርጥበት የተሠራ ነው” እያለ ማታለሉን ይተው።

የእህቴ ልጅ ይህንኑ አደረገች። አከራዩ “የላይኛው ቤት ነው” አላት። የላይኛዋ ባለቤት “ቧንቧው የጋራ ነው፣ ማኅበሩን ጠይቂ” አሏት። አልተሳሳቱም፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያዎችን ጥገና የሚጥለው በቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ላይ ነው። ማኅበሩ ተሰበሰበ። እሷ ተከራይ ስለሆነች ድምፅ የላትም፤ ሕፃኑን ታቅፋ ከኋላ ቆማ ነው የሰማችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የግቢው በር አዲስ ቀለም እንዲቀባ፣ በአጥሩም ላይ መብራት እንዲተከል በሙሉ ድምፅ ተወስኖ በየቤቱ መዋጮ ተመደበ። የቧንቧው ነገር ጊዜ ስላልበቃ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ቀኑ ገና አልተቆረጠም።